ስለ ገመቹ ጊታርና ስለ ጸጥታዎ

ለተከበሩ የአዳራሻችን ኃላፊ፤
አዳማ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎ፣ በተለይም ጆሮዎ ደህና ነው ወይ? እኛ በእርስዎ ጥበቃ ከፍ ካለ ድምጽ ሁሉ ተጠብቀን፣ ደህና ነን።

ዘርፉ ጫምሳ እባላለሁ፤ ከመቂ ሽንኩርት እያስጫንኩ የምነግድ፣ ሃምሳን የተሻገርኩ ሴት ነኝ። በዚህ ዕድሜዬ የኤሌክትሪክ ጊታር ሲጮህ ካልሰማሁ ሳምንቱ ሳምንት አይመስለኝም። ሮክ ቢሉ፣ ብሉዝ ቢሉ፣ ወጣቶቹ ሜታል የሚሉት ግድግዳ የሚያንቀጠቅጠው ቢሆን አልመርጥም፤ ጊታረኛው ክሩን ይዞ ሽቅብ ሲወጣ አብሬው እወጣለሁ። ልጆቹ «እማማ ሜታል» ይሉኛል፤ ስሙንም ወድጄዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው ባለቤቴ ሆራ ያረፈ ዓመት ነው። ለቀስተኛው ሁሉ ሲያለቅስ እኔን እንባ እምቢ አለኝ፤ ወራት አልፈውም ደረቴ ደርቆ ቀረ። አንድ እሑድ ከሰዓት ዝናብ ይዞኝ በአዳራሽዎ በረንዳ ስጠለል ከውስጥ ጊታር ሰማሁ። አንዷ ክር ተስባ ተስባ፣ ሲቃ ይዞት ቃል ያጣ ሰው መሰለችና ድንገት ፈነዳች። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ለሆራ አለቀስኩ። ይጫወት የነበረው ገመቹ ነው፤ ዱከም ፋብሪካ ውስጥ ብረት ሲቀጠቅጥ የሚውል፣ ሳምንቱን በሚኒባስ ተመላልሶ እሑድን ለጊታሩ የሚሰጥ ዝምተኛ ሰው። ከዚያ ወዲህ እሑድ ቀርቼበት አላውቅም። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ መልካም አቀባበልዎ። ሐኪሙ ለገመቹ ሁለቱም ጆሮዎቹ እየደከሙ እንደሆነ፣ መመለሻም እንደሌለው ነግሮት ነበር፤ ይህን ያወቅነው ሚስቱ ጉዲቱና እኔ ብቻ ነን። በአዳራሹ የሚጫወተው በእርስዎ ትእዛዝ ድምጹን ቀንሶ ስለነበር፣ «እትዬ ዘርፉ፣ ሳይዘጋብኝ አንድ ቀን ብቻ እስከ ጥግ ከፍቼ ልስማው» አለኝ። ተያይዘን ቢሮዎ መጣን። በትሕትና አስቀመጡን፤ ያለ ኤሌክትሪክ መጫወት ይችል እንደሆነም ጠየቁት። ሕመሙን ሲያስረዳዎ አዝነው ራስዎን ነቀነቁና ፊትዎን ወደ እኔ መልሰው፣ «ታዲያ መስማት ካቃተው ለማን ብሎ ነው የሚደክመው?» አሉኝ። እርሱ አጠገቤ ተቀምጧል። ያን ጊዜ ገና በደንብ ይሰማ ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ፈቃድዎ። ብዙ ካመላለሱን በኋላ አንድ እሑድ ከሰዓት ተሰጠን፤ በዚያው ሰዓት ከጎን ባለው ክፍል ስብሰባ እንዳለዎ ግን ሊያስጨንቁን አልፈለጉምና አልነገሩንም። ገመቹ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጣ፤ ድምጹንም እስከ መጨረሻው ከፈተ። ክቡር ሆይ፣ ያን ቀን እርሱ እንደተጫወተው ሌላ ሰው ሲጫወት ሰምቼ አላውቅም፤ ወንበሩ ከሥሬ ይንቀጠቀጣል፣ የመስኮቱ መስተዋት ይዘምራል፣ ገመቹ ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ልጅ ይስቃል። ከዚያ ቀዝቃዛ ብሉዝ ጀመረና ቀስ እያለ ወጣ፣ ወጣ፣ የመጨረሻዋ ጫፍ ላይ ሊደርስ ሲል ዘበኛዎ በትእዛዝዎ ከቆጣሪው ላይ መብራቱን አጠፋው።

የቀን ብርሃን ስለነበር ጠፍቶ የሚታይ አምፖል አልነበረም። ሊሰማ የመጣው ሰውም ደንግጦ ጸጥ አለ። ገመቹ መምታቱን አላቆመም፤ ጣቶቹ ይሮጣሉ፣ ድምጹ የለም። ዓይኑን ገልጦ እኔን ፈለገ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። እጁን ወደ ጆሮው አነሣና፣ «ሄደ እንዴ?» አለኝ።

ጆሮው የሄደ መስሎት ነው። ሮጬ ደርሼ መብራት ነው፣ አጥፍተውት ነው ብዬ ጮኼ ነገርኩት። ድምጼን ሲሰማ ጊታሩን እንዳቀፈ ወለሉ ላይ ዘፍ አለ።

ሦስተኛ፣ ሌላ ቀን ልንለምን በመጣን ቁጥር አንዴ ሥልጠና ላይ፣ አንዴ መስክ ላይ ነዎት ተባልን። ክረምቱ ሳይወጣ የገመቹ ጆሮ ተዘጋ። ለዚህኛው ቁጥር የሚሆን ምስጋና ፈልጌ አጣሁ፤ እንዲሁ ይለፍ።

ባለፈው ወር ደግሞ ለአካል ጉዳተኞች በዓልዎ በክብር ጋበዙት። ጉዲቱ አትሂድ ብላ በምልክትም በእንባም ለመነችው፤ እርሱ ግን ጣቶቼ አልደነቆሩም ብሎ ሄደ። ከተማው ውስጥ ያለውን ትልቁን ድምጽ ማጉያ አስመጡለት፣ መብራቱንም የነካ አልነበረም። ገመቹ ዓይኑን ጨፍኖ ያንኑ ብሉዝ ተጫወተ። አንዷ ክር ረግባ ነበር፤ ወደ ጫፉ በወጣ ቁጥር ሳትደርስ ትወድቃለች፣ እርሱ ደግሞ የደረሰች መስሎት ፊቱ ይበራል። እርስዎ ከፊት ወንበር ተነሥተው አጨበጨቡ። ገመቹ ከሰዉ መሐል እኔን ፈልጎ በዓይኑ ጠየቀኝ። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩለት።

ከእንግዲህ ሌላ ጊታረኛ ደጅዎን ሲጠና፣ ጊዜው ሳያልፍበት እንዲያስጫውቱት እለምንዎታለሁ። እስከዚያው ወንበርዎ ሳይነቃነቅ፣ በርዎ ሳይንኳኳ፣ ክር የሚነካ እጅም በአጠገብዎ ሳያልፍ ዘመንዎ ይርዘም እያልኩ በጥልቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

ዘርፉ ጫምሳ
ከአዳማ ሽንኩርት ተራ

ማስታወሻ፦ በበዓሉ ላይ ለገመቹ የሸለሙት ሬዲዮ በጣም ጥሩ ነው። ጉዲቱ ምሳ ስትሠራ ትከፍተዋለች። እርሱም ይመጣና አጠገቡ ተቀምጦ መዳፉን ድምጹ በሚወጣበት በኩል ያሳርፋል፤ ዘፈን ይሁን ዜና ግን እስካሁን መለየት አልቻለም።