አውራ ጣቴና ግሪሳው

እሑድ፣ ኅዳር 1፤ ቆቦ

ፈተናዬ ደርሷል፤ ሐሳቤ ግን ሁለት ገጽ ሳላነብ ይበተናል። ዛሬ ከአባቴ ጋር ማሽላ ስንጠብቅ፣ ስልክ ላይ ያየሁትን የዮጋ የዓይን ልምምድ ማማው ላይ ሞከርኩት። ጭንቅላትን ሳያነቃንቁ አንዴ አውራ ጣትን፣ አንዴ ሩቅ ያለውን የዞብልን ተራራ ማየት ነው። ጣቴ ላይ እንዳፈጠጥኩ ግሪሳ ወፍ ወርዶ የማሳውን አንድ ጥግ በላው። አባቴ በወንጭፍ አባረረና፣ "ልጄ፣ ጣትህ ማሽላ አይበላም፤ ወፉን እይ" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ግሪሳውን ከቅርብ እስከ ሩቅ በዓይኔ ስከተል ሐሳቤ አንዴም አልሸሸኝም። እንዲህ ያለ አባት ለሰጠኝ አልሐምዱሊላህ።

ለዙህር ሶላት ውዱእ የሚሆን ውሃ ይዤ ስመለስ፣ አባቴ አውራ ጣቱን አፍንጫው ፊት ገትሮ አፍጥጧል። ግሪሳው ማሽላው ላይ ሰፍሯል። ወንጭፉን አነሳሁ።