«ዲሲ» ማለት ተወው ማለት ነው

ኢብሳ፣

ተኝተህ ስለነበር አልቀሰቀስኩህም። ዛሬም መንገዱ ስለተዘጋ ታክሲ የለም፤ እስከ አስኮ በእግሬ ልሄድ ነው። አንተ ግን ከአልጋ እንዳትነሳ!

ሹሮው ድስቱ ውስጥ አለ። ወጌሻው ኦቦ ጃራ እግርህን ሊያሹ ረፋዱ ላይ ይመጣሉ። እባክህ እንዳትጮህ። ባለፈው ስትጮህ ጎረቤቱ ሁሉ ግርግር ተነሳ ብሎ በሩን ቆለፈ። ኦቦ ጃራ ራሳቸው ሊሮጡ ነበር።

ደግሞ ላገኘኸው ሰው ሁሉ «የራሴ ተከላካይ ሰበረኝ» ማለቱን አቁም። አልተሰበርክም፣ ወለምታ ነው።

ለመሆኑ ኳሷ አየር ላይ እያለች በረኛ «የኔ!» ይላል እንጂ «ዲሲ! ዲሲ!» ይላል? እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፤ የማውቀው ዲሲ አሜሪካ ያለውን ነው። በኦሮምኛ «ተወው» ማለት መሆኑን መቼ ነገርከኝ? እኔማ የምታበረታታኝ መስሎኝ ነው ባለኝ ኃይል የዘለልኩት። የገጠምናቸው የሰበታ ልጆች እስካሁን ይስቃሉ።

ትናንት ከሥራ ስመለስ መንገድ የዘጉት ልጆች አስቆሙኝ። አንዱ ኮሌታዬን ጨምድዶ እንደያዘ ሌላው ፊቴን አየና «ይሄ እኮ የእኛን በረኛ የጣለው ነው!» አለ።
አለቀልኝ አልኩ።
ልጁ ግን ሳቁ መጣና ጓደኛውን «ዲሲ!» አለው።

ወዲያው ገባኝ። ኮሌታዬም ተለቀቀ።

ስለ እግርህ ልልህ የፈለግኩት ነገር ነበር...
በቃ፣ አንተም ዲሲ በለኝ።

ሳህሉ