ለዓሣሽ የገዛሁት ገንዳ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ስልክ መደወል እችል ነበር። ግን ስደውል «ደህና ነኝ አባዬ» ብለሽ ስልኩን ለእናትሽ ታቀብያታለሽ፤ እኔም ጤንነቷን ጠይቄ እዘጋለሁ። ደብዳቤ ለሌላ ሰው ማቀበል ያስቸግራል ብዬ ነው የጻፍኩልሽ።

ባለፈው ቤቴ በር ላይ ቆመሽ የተናገርሽው ከጆሮዬ አልወጣም። «ዓሣዬን ጠርሙሱ ጠቦታል። እማዬ ደግሞ ለገንዳ ቦታ የለንም ብላለች። ትምህርት ሳይዘጋ ቤት ካላገኘሁለት ለጓደኛዬ እሰጠዋለሁ» አልሽ። «እኔ ጋ አምጪው!» ስልሽ ዙሪያውን አየሽና፣ «አባዬ፣ እዚህ ቤት ያለው ሁሉ እኮ የሚሸጥ ነው» አልሽኝ። እውነትሽን ነው። አሮጌ ዕቃ የሚነግድ ሰው ቤትና መጋዘን አይለይም፤ የተቀመጥኩበት ወንበር እንኳ ገዢ እየጠበቀ ነበር። ከሄድሽ በኋላ፣ ዓሣው ወደ ጓደኛሽ ከሄደ አንቺ ወደ እኔ የምትመጪበት ምክንያት ምን እንደሚሆን አሰብኩ።

ስለዚህ ገንዳ ፍለጋ ወጣሁ። አንድ ፀጉር አስተካካይ ሱቁን ሊዘጋ ዕቃውን ከነዓሣ ገንዳው ሲሸጥ አገኘሁት።

«ያፈሳል?»

«ኧረ ምን በወጣው! ትንሽ ያልበዋል እንጂ።»

«ላቡ እንዲህ ነጭ መስመር ይተዋል?» ብዬ አንዱን ጥግ በጥፍሬ ጫር ጫር አደረግኩለት።

«አንተ ሰውዬ፣ ልትገዛ ነው የመጣኸው ልትመረምረኝ?» ብሎ ሳቀና ዋጋውን ቀነሰልኝ። «መልሰህ በስንት ልትሸጠው ነው?»

«አልሸጠውም።»

እሱ አላመነኝም። እኔም ከአፌ ሲወጣ ስሰማው ገረመኝ።

መስታወቱን ያጣበቀው አሮጌ ሲሊኮን ላይ አዲስ ቀብቼ ልገላገል ነበር ሐሳቤ። መስታወት ቆራጩ ጎረቤቴ ግን፣ «አዲሱ አሮጌው ላይ አይይዝም፤ ጥርግ አድርገህ ፋቀው። ደግሞ የመታጠቢያ ቤቱን ሲሊኮን እንዳትገዛ፤ የሻጋታ መድኃኒት አለበት፣ ዓሣውን ትፈጀዋለህ» አለኝ። በምላጭ ስፍቅ ሲሊኮኑ እንደ ጎማ ክር እየተመዘዘ ወጣ። ከመሃሉ ምስር የምታክል የቀንድ አውጣ ዛጎል አገኘሁ። ፀጉር አስተካካዩ ጋ ደውዬ ብጠይቀው፣ በሕይወቱ ቀንድ አውጣ አስገብቶ እንደማያውቅ ማለልኝ። ታዲያ በምን ገባች? አንቺ ታውቂ ይሆናል ብዬ አስቀምጬልሻለሁ።

መስታወቱን በአልኮል ወልውዬ፣ አዲሱን ሲሊኮን ከውስጥ በኩል አስገብቼ በጣቴ አለሰለስኩት። ቤቱ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሸተተ። ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ ጠበቅኩ። ከዚያ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ውሃ ሞላሁት። ጠዋት ስነሳ ወለሉ ረጥቧል። ያው ጥግ ነው!

ልናደድ ይገባኝ ነበር፤ እኔን የያዘኝ ግን የማወቅ ጉጉት ነው። ጥፋቱ የእጄ ቢሆን ለምን ሌላው ጥግ አላፈሰሰም? ውሃውን ቀድቼ አውጥቼ ከጠረጴዛው በታች ተጋደምኩ። አንደኛው እግር ወለሉን አይነካም። ከጎረቤቴ የወለል መለኪያ ውሃ ልክ ተበድሬ ወለሉ ላይ ሳስቀምጠው ውስጡ ያለችው አረፋ ሸሽታ ዳር ያዘች። የሳሎናችን ወለል ለካ ወደ መስኮቱ ተዳፋት ነው። ጠረጴዛው ስለተንጋደደ የገንዳው ክብደት ሁሉ አንድ ጥግ ላይ እያረፈ መገጣጠሚያውን ይከፍተዋል።

ሶፋው ላይ ስታድሪ «ትራሴ ወደ መስኮቱ ይንሸራተታል» ትይኝ ነበር። ወደ እናትሽ ለመመለስ ሰበብ የፈለግሽ ስለመሰለኝ ነገሩን ችላ እል ነበር። ውሃ ልኩ ካንቺ ወገን ሆነ።

ከዚያማ ማን ያቁመኝ! ቤቱን ሁሉ እየዞርኩ ለካሁ። ማድ ቤቱ ከሳሎኑ ይብሳል። ኮሪደሩ መሃሉ ሰርጓል። አረፋዋ ቀጥ ብላ የቆመችው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ መኝታ ቤት፣ አልጋዬ ካለበት ግድግዳ ሥር። ወደ ኋላ ቆም ብዬ አልጋውንም ግድግዳውንም አየሁ። ከዚያ አልጋዬን ፈታሁ።

ገንዳውን እንደገና ፍቄ፣ እንደገና አሽጌ፣ እዚያ አቆምኩት። ከሥሩ ጋዜጣ አንጥፌ ውሃ ሞላሁት። በየጠዋቱ ጋዜጣውን በመዳፌ እዳብሳለሁ፤ ደረቅ ነው። ያለ ዓሣም ቢሆን ፊቱ ቁጭ ብዬ ውሃውን ሳይ እገኛለሁ። ለመሆኑ ዓሣ ሲተኛ ዓይኑን ይከድናል?

መኝታ ቤቱ ከእንግዲህ ያንቺና የዓሣሽ ነው። እኔ ሳሎን፣ ተዳፋቱ ላይ መተኛት ጀምሬያለሁ፤ ወገቤን ትንሽ ይዞኛል፣ ይለመዳል። ላንቺ የሚሆን አልጋ ግን አልገዛሁም። ስትመጪ አብረን ሄደን አንቺ ትመርጫለሽ፤ እኔ ዋጋ እከራከራለሁ።

ቅዳሜ በመኪናዬ በራችሁ ላይ እጠብቅሻለሁ። ጠርሙሱን ጭንሽ ላይ ይዘሽ ከፊት ትቀመጫለሽ፤ ውሃው እንዳይፈስ ቀስ ብዬ እነዳለሁ። ቅዳሜ የማይሆንልሽ ከሆነም አትጨነቂ፤ ገንዳው እንደሞላ ይቆይሻል።

አባትሽ