ድመቷን «እርስዎ» ያለች ልጅ

ሰኞ

ሆዳን ከጥያቄና መልስ ቡድኑ ተሰርዛለች።

ጠዋት ባንዲራ ተሰቅሎ ካለቀ በኋላ ደረሰች። ዩኒት ሊደሩ ጋሽ ታፈሰ በተማሪው ሁሉ ፊት «ለምን አረፈድሽ?» አላት። «አንተ ነህ ቀድመህ የደወልከው» አለችው። እውነቷን ነው፣ ደወሉን ከሰዓቱ ቀድሞ ነው የደወለው። ግን «አንተ» አለችው። «ባለጌ! ማን ነው ያሳደገሽ?» ብሎ ጸባይ ላይ «ሲ» ሰጣት። ጸባዩ «ኤ» ያልሆነ ልጅ ድሬዳዋ ሄዶ አይወዳደርም።

ሆዳን እኔ የማስተምራት የአራተኛ ክፍል ልጅ ናት። በሒሳብ የሚደርስባት የለም። አፏን የፈታችው በሶማልኛ ነው፤ በሶማልኛ ደግሞ ለአያትም ለግመልም «አዲጋ» ነው፣ አንተና እርስዎ ብሎ ነገር የለም። እኔም በሷ ዕድሜ ለዚሁ ቃል ጠጠር ላይ ተንበርክኬያለሁ። ጉልበቴ አልረሳም።

ማክሰኞ

ቢሮው ድረስ ሄጄ ለመንኩት። መለመን አልወድም። ሻዩን እያማሰለ «ሚስ ሙና፣ አንተና እርስዎ የማትለይ ልጅ ይዘን ሄደን መሳቂያ እንሁን?» አለኝ። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። ቆይ።

ልጆቹ የዓመቱን ግባቸውን ግድግዳ ላይ ለጥፈዋል። የሆዳን «ድሬዳዋ ሄጄ ማሸነፍ» ይል ነበር። ዛሬ እሱን ገንጥላ ሌላ ለጠፈች፦ «ሁሉንም እርስዎ ማለት»። አጠገቧ የምትቀመጠውን ሰሚራን «ላጲስዎን ያውሱኝ» አለቻት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ድመቷ ስትገባ «ይውጡ!» ብላ አባረረቻት። እኔም ሳቅኩ። ቀና ብላ ስታየኝ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ።

ረቡዕ

አላህ ሰጠኝ። ዳይሬክተራችን ሲስተር፣ ቅዳሜ በወላጆች ቀን ጋሽ ታፈሰ በሶማልኛ «እንኳን ደህና መጣችሁ» እንዲል አዘዋል። ስንት ዓመት ጅጅጋ ኖሮ ከ«ዋሪያ» ሌላ አያውቅም። እሱም ሰው ለመጥራት።

«ሙንዬ፣ እህቴ፣ በአማርኛ ፊደል ጻፊልኝ።»

ዛሬ እህቱ ሆንኩ።

በሶማልኛ እንኳን ደህና መጣችሁ «ሶ ዶዋዳ» ነው፣ ወላጆች ደግሞ «ዋሊዲን»። «ሶ ዶዋዳ፣ ዋላን» ብዬ ጻፍኩለት። ዋላን እብድ ማለት ነው። አጥፌ ሰጠሁት።

ሐሙስ

ኮሪደር ላይ ወዲያ ወዲህ እያለ ይለማመዳል። «ሶ ዶዋዳ፣ ዋላን!» ድምፁ ያምራል። ዘበኛው አብዲ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። «ጎበዝ፣ ጋሽ ታፈሰ» አልኩት።

ራቴን ጥርግ አድርጌ በላሁ።

ዓርብ

ሆዳን በእረፍት ሰዓት መጣች።

«ሚስ፣ ቲቸር ታፈሰ ‹እብዶች እንኳን ደህና መጣችሁ› እያሉ ነው። ነገ ይሳቅባቸዋል። ልንገራቸው?»

«እያሉ»፣ «ይሳቅባቸዋል»፣ «ልንገራቸው»። አንዱንም አልሳተችም።

«ቆዪ» አልኳት። ሲስተር ዘንድ ሄጄ ጠየቅኩ። የቡድኑ አባላት ስም የሚጸድቀው ነገ ወላጆች ከተሸኙ በኋላ ነው፤ የጸባዩን ውጤት ማስተካከል የሚችለው የሰጠው ሰው ብቻ ነው። በሕዝብ ፊት ከተሳቀበት፣ በኔ ተናዶ እሷን አይምራትም። ይህን ረቡዕ ማሰብ ነበረብኝ። ቢሆንም ሳቁ አሁንም ያምረኛል፤ አያቷ ከሽንሌ መጥተው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲስቁ ማየት።

ከሰዓት በኋላ የባሰ በቀል ታየኝ። «ባለጌ» ያላት ልጅ እሱን ታርመው። ዕድሜ ልኩን አይረሳትም።

ሲለቀቁ በሩ ላይ አስቀረኋት።

«ነገ መድረክ ላይ ሳይወጣ ልትነግሪው ትችያለሽ። ካልፈለግሽ ደግሞ ዝም በይ።»

«ማን ነው የጻፈላቸው?»

«እኔ።»

 በጥርሷ ብቻ ሳቀች፤ እኔ በሷ ዕድሜ እንደዚያ መሳቅ ያምረኝ ነበር።

«ላስብበት» አለች። «ሚስ»ም «እርስዎ»ም የለበትም።

ወላጆች ነገ በሦስት ሰዓት ይገባሉ። የድሬዳዋው ቡድን በስድስት ሰዓት ይጸድቃል። ትንገረው ወይስ ይሳቅበት፣ ምርጫው የሆዳን ነው።