ሽማግሎቹ አንበሳሜ አይሂዱ

ይድረስ እንደ እናት ሆነሽ ላሳደግሽኝ ለታላቅ እኅቴ፣ መራዊ ከተማ።

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ ደኅና ናቸው? የዚያ ሁሉ ተማሪ የሒሳብ ፈተና ታርሞ አለቀልሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ከባሕር ዳር ሙቀትና ከቢሯችን ሰዎች በቀር የጎዳኝ ነገር የለም።

ይህን የምጽፍልሽ ለእሑድ ያዘጋጀሻቸው ሽማግሎች እንዲቀሩ ነው። በስልክ ብነግርሽ ትሟገቺኛለሽ፤ ስትሟገቺኝ ደግሞ ሁልጊዜ ትረቺኛለሽ። ያቺ የቢሯችን ልጅ ወንጌላዊት ለእኔ አትሆንም። ዓመት ሙሉ ስለ እሷ ሳወራልሽ የከረምሁት ሞኝ ሆኜ ነው። ዝምተኛ ናት፤ ስትናገርም መሬት መሬቱን ታያለች። እንዲህ ካለች ሰው ጋር ዕድሜ ልክ ምን ይወራል?

ቢሯችንንማ አታንሺው። ሐይቁ ዳር ካለ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስድስት ሰዎች ተቀምጠን ኮምፒውተር ላይ እናፈጣለን። አለቃችን ገድሉ የኮምፒውተር ሊቅ ነኝ ይላል፤ ማተሚያው ወረቀት ሲነክስበት ግን እኔን ይጠራል። ዘንድሮ አንድ የጀልባ ማኅበር ሥራ ሰጠን። ወደ ደልጊ የተሳፈረውን ሰው ሁሉ ዐሥር ዓመት መዝግበው፣ ከዚያ ውስጥ የሚፈልጉትን ቲኬት ማግኘት አቅቷቸዋል።

የድሮው ፈላጊ ፕሮግራም የገድሉ ሥራ ነው። በአንዱ መንገድ ይገባል፣ ሲዘጋበት ተመልሶ ይወጣል፣ ደግሞ በሌላው ይገባል፤ አህያ የጠፋበት ገበያተኛ ነው የሚመስለው። እኔ በዴሪቬቲቭ ልሥራው አልሁ። አንቺ ሰሌዳ ላይ የምትጽፊው ዓይነት እንዳይመስልሽ፤ ነገሩ ቀላል ነው፤ ፊደል በተነበበ ቁጥር የሚቀረውን ፍላጎት ብቻ መያዝ ነው። የምንፈልገው ቲኬት መጀመሪያ «ደ»፣ ቀጥሎ የፈለገውን ያህል ቁጥር፣ መጨረሻ ላይ «መ» ያለው ነው እንበል። «ደ»ን ሳነብ እሱ ከፍላጎቴ ይነሣና «ቁጥሮች፣ ከዚያ መ» ብቻ ይቀረኛል። ሰባት ቁጥር ቢመጣ የሚቀረኝ ያው ነው። «መ» ሲመጣ የሚቀረኝ የለም፤ ተገኘ ማለት ነው። መጀመሪያውኑ «ቀ» ከመጣ ግን ተስፋ ስለሌለው እዚያው ይጣላል። እያንዳንዱ ፊደል አንዴ ብቻ ይነበባል፣ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ይህን ለገድሉ ሦስት ጊዜ አስረዳሁት። ሦስቱንም ጊዜ «በጣም ጥሩ» ብሎ ስልኩን አየ።

ወንጌላዊት ግን ገባት። ገብቷትም ዝም አላለችም። ፕሮግራሙን ለማኅበሩ ሰዎች ከምናሳይበት ቀን ሁለት ሳምንት አስቀድማ፣ ፊደል በተነበበ ቁጥር ከሚቀረው ጋር የማይረባ ትርፍራፊ እየተጠራቀመ ነው አለችኝ። «ይህ ወይም ፈጽሞ የማይገኝ» የሚለውን «ይህ» ብቻ እያደረግህ ካላጸዳኸው፣ ረጅም የመዝገብ መስመር የመጣ ቀን ፕሮግራሙ ይታነቃል አለችኝ። ሰው ፊት! እኔም እየሳቅሁ፣ አንቺ ቤት መጥረግ ስለለመድሽ ነው አልኋት። ሁሉም ሳቁ። በኋላ ኢሜይል ላከችልኝ፤ አልከፈትሁትም። እኔን ልታስተምር!

የማሳያው ዕለት የማኅበሩ ሰዎች ክራቫት አሥረው መጡ። አጫጭሮቹን መስመሮች ፕሮግራሜ በዓይን ጥቅሻ ጨረሳቸው። ከዚያ ሊቀ መንበራቸው አቶ ፍቅረ ማርያም እስቲ ይህ ረጅሙ ይሞከርልኝ አሉ። ፕሮግራሙ ቆመ። ትርፍራፊው ከፊደል ወደ ፊደል እንደ እንቦጭ ተባዝቶ ኮምፒውተሩን ሞልቶት ነበር። ሁሉም ዞረው አዩኝ። እኔም መጨረሻ ላይ የነካካችው ወንጌላዊት ናት አልሁ። እንዲያው አፌ ላይ የመጣልኝን ነው። ደግሞስ እውነት ካልሆነ እሷ ራሷ አትናገርም ነበር? እሷ እኔን ብቻ አየችኝ፤ ያን ዕለት መሬቱን አላየችም። ገድሉም ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ እንግዶቹ ከወጡ በኋላ አንባርቆ አንባርቆ ዕለቱን ከሥራ አሰናበታት።

በማግስቱ ኢሜይሏን ከፈትሁት። ትርፍራፊውን የሚያጸዳ ስምንት መስመር ፕሮግራም ነው። እንዳለ አስገባሁት፤ ያ ረጅም መስመር ወዲያው አለቀ። የማኅበሩን ሰዎች ጠርተን አሳየናቸው፣ አጨበጨቡ። ገድሉ የክፍል ኃላፊ አደረገኝ። ምን ዓይነት ሰዎች መሰሉሽ! ስምንቱ መስመር የእኔ አጻጻፍ እንዳልሆነ ያወቀ አንድ እንኳ የለም። አንድ ሰው ቢጠይቀኝ እናገር ነበር። ማንም አልጠየቀኝም።

አሁን አንበሳሜ አባቷ ቤት ገብታለች አሉ። ስለዚህ ሽማግሎቹን አስቀሪልኝ። ምክንያቱን ቢጠይቁሽ ልጅቷ አንዳች ነገር ጎድሏታል እንዳትይ፤ የፈለግሽውን በይ፣ እሱን ብቻ አትበይ። ከሄዱ አባቷ መሪጌታ ጥዑመ ልሳን የልጁን ጠባይ መጠየቃቸው አይቀርም። የሽማግሎቹን አለቃ ጋሽ አገኘሁን ደግሞ ታውቂያቸዋለሽ። ብድግ ብለው፣ ልጃችን ውሸት አያውቅም፣ የሰው ነገር አይነካም እያሉ በመስቀል ይምላሉ። እሷ ጓዳ ሆና ትሰማለች።

አምላከ ቅዱሳን ልጆችሽን ያሳድግልሽ፤ ለአንቺም ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ።

አንቺ ያሳደግሽው፣
ታናሽ ወንድምሽ