አንድ ይበቃኛል ያልኩበት ምክንያት

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ጥር 27 ቀን 2004 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣ ለአባባ ወልደአምላክ፣ ደብረ ታቦር፤

ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? እኔም፣ ባለቤቴ ፍሰሐም፣ ልጃችን ሩሃማም ደህና ነን። ሩሃማ ስምንት ዓመት ሞላት፤ የፊት ጥርሷ ወልቋል። በስልክ ቢሆን ድምፄ ከፍ ይልብኛል ብዬ ነው የጻፍኩት። ተናድጃለሁና ይታገሡኝ።

የአገራችን ልጅ ደሳለኝ እርስዎን ጠይቆ ተመልሶ፣ ባለፈው እሑድ እዚሁ ቅርብ አሌክሳንድሪያ አንድ ክርስትና ላይ ተገናኘን። ለሰው ሁሉ ምሳ ቀርቦ ሳለ፣ በላስቲክ ጠርሙስ የላኩልኝን ጸበል አውጥቶ፣ "የምስራች፣ አባትሽ ማህፀንሽ እንዲከፈት ብለው ነው የላኩልሽ" አለኝ፤ ያውም ጮክ ብሎ። ሴቶቹ "አሜን" አሉ። አንዷማ ሆዴን ዳበሰችኝ። ፍሰሐ ሳህኑ ላይ አቀረቀረ። ወደ ቤት ስንመለስ ሩሃማ ከኋላ ወንበር፣ "ማሚ፣ አር ዩ ሲክ?" አለችኝ፤ አሞሻል ወይ ማለቷ ነው። "አይደለሁም" ከማለት ሌላ ምን ልበላት? ጸበሉን አልደፋሁትም፤ ፍሪጅ ውስጥ ነው።

አባባ፣ ማህፀኔን እግዚአብሔር አልዘጋውም። እኔና ፍሰሐ ተማክረን ነው አንድ ይበቃናል ያልነው። እሱ ከንጋት ጀምሮ አውቶቡስ ይነዳል፤ እሱ ሲመለስ እኔ እወጣለሁ። ልጅቷን በር ላይ ነው የምንቀባበላት። ሁለተኛ ብንወልድ ማን ይይዘዋል? እዚህ ለጎረቤት "እስኪ አንዴ ያዢልኝ" አይባልም።

ደግሞ ይህ እንዴት ከእርስዎ ይሰወራል? ክትባት ሰጪ ሳሉ የክትባቱን ሳጥን በበቅሎ ጭነው፣ ሳምንት ጠፍተው ሲመለሱ የነገሩንን አልረሳሁም። አንዲት የእስቴ ሴት ሦስት ልጆቿን አስከትባ ስታበቃ፣ "እንግዲህ እነዚህ የማይሞቱብኝ ከሆነ፣ የመውለድ ማቆሚያውንም ስጡኝ" ብላ ሞገተችኝ ብለው ስቀው ነበር። "ሞት ሲቀንስ ወሊድም ይቀንሳል፤ ሴትዮዋ ሳትማር ከመጽሐፉ ቀድማ አወቀችው" አሉን። በእሷ ተደንቀው በእኔ ለምን አዘኑ?

እማዬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ዘጠኝ ወልዳ አራት ቀበረች። ሦስቱን በአንድ በጋ ኩፍኝ ነው የወሰደባት፤ ክትባቱ ሳይደርስ፣ እኔ ሳልወለድ። ወደዚህ ልመጣ ስል፣ "አንቺን ሁለት ዓመት እስኪሞላሽ ዓይንሽን ደፍሬ አላየሁም፤ ከወደድኩሽ ትሞቺብኛለሽ ብዬ" አለችኝ። እኔ ግን ሩሃማን ከተወለደችበት ሰዓት ጀምሮ ሳልፈራ ወደድኳት። ይህን የሰጡኝ እርስዎ ነዎት፤ እርስዎና ያ ሳጥን።

በምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ ገላቸውን የማጥባቸው ሴትዮ ዘጠና ስድስት ዓመታቸው ነው። አንድ ልጃቸው ከካሊፎርኒያ በዓመት አንዴ ይመጣል። "አየሽ፣ አንድ አይበቃም" እንደሚሉኝ አውቃለሁ። የእርስዎ አምስቱስ የት ናቸው? አንዱ ዱባይ፣ አንዷ ጆሃንስበርግ፣ ሁለቱ አዲስ አበባ፣ እኔ እዚህ። ይህን ልሰርዘው ነበር፤ ተውኩት።

ትናንት ደሳለኝን ኮል አድርጌ በሰው ፊት ስላሳፈረኝ ወቀስኩት። እሱም፣ "ያልነገርኩሽ ነገር አለ" አለኝ። ከዘራዎን ይዘው መናኸሪያ ድረስ እንደሸኙት፣ አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል በመስኮቱ በኩል፣ "ልጅ ስትወልድ አባቷን አራስ ጠያቂ ብለው ቪዛ ይሰጡታል አሉ፤ እውነት ነው?" ብለው እንደጠየቁት ነገረኝ። "ሕፃን መያዝ አያቅተኝም፤ እጄ ገና አይንቀጠቀጥም" አሉ አለኝ።

ስልኩን ዘጋሁት። ንዴቴ አልበረደም፤ የተናደድኩበት ነገር ብቻ ተለወጠ። ይህን ሁሉ ዓመት "መቼ ትወልጃለሽ?" ከሚሉኝ፣ አንድ ቀን "ልምጣ?" ቢሉኝ ምን ነበረበት? እኔስ "ይምጡ" ማለት ለምን አቃተኝ?

የጥሪ ወረቀቱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ፤ ፍሰሐም ፈርሞበታል። ለፓስፖርቱ ወንድሜ ሙሉዓለም ከአዲስ አበባ ይመጣልዎታል። ቪዛውን ይስጡ ይከልክሉ አላውቅም። ሕፃን የለም አባባ፤ አይኖርምም። አማርኛዋ የሚሰባበር፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በር የሚከፍትላት ሰው የምትፈልግ የስምንት ዓመት ልጅ ግን አለች።

አምላክ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ። ምርቃትዎ አይለየኝ፤ ብቻ እንድወልድ ብለው አይመርቁኝ።

ልጅዎ
የምስራች ወልደአምላክ