ሦስቱ ቁልፍ በአንድ ኪስ

ለምናፍቅህ ወንድምዓለም ዳኛው፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእህትነት ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እንዴት ከርመሃል? ጨጓራህስ ተሻለህ ወይስ የጁባ ሙቀት አባሰብህ? ካምፓችሁ ውስጥ ደህና ምግብ የሚሠራ ሰው ተገኘ? እኛ ሁላችንም በጤና አለን፤ እኔም ፒያሳ ፊልም መጫኛ ሱቄን ከፍቼ እውላለሁ። ካምፓችሁ ስልክ ስለማይገባና የሰፈራችን ልጅ ባምላክ ነገ በአውሮፕላን ወደ ጁባ ስለሚመጣ ይህን በእጁ ሰደድሁልህ። ደርሶ እስኪሰጥህ ድረስ እንቅልፍ የለኝም።

በልጅነታችን ቪዲዮ ቤት ደብቀህ አስገብተኸኝ ያየነውን የዘረፋ ፊልም ታስታውሳለህ? ያ ጥቁርና ነጩ፣ ባለ ሦስት ቁልፉ። አሁን እንደገና በአዲስ ተሠርቶ መጣልህ። ደንበኞቼ በፍላሽ ለማስጫን ይሻማሉ። እኔም ሱቄን ዘግቼ አየሁትና ተናደድሁ። ካዝናው በጣት አሻራ ሆኗል። አንዲት መልከ መልካም ልጅ ኮምፒውተር ትነካካለች፣ ግድግዳ ይፈነዳል፣ ሞተር ሳይክል ከጣራ ጣራ ይዘላል፣ በቃ አለቀ።

በአሮጌው ግን አንድ ጥይት አልተተኮሰም። ቁልፍ የያዙት ሦስቱ ሰዎች ዓይን ለዓይን የማይተያዩ ባላንጣዎች ስለነበሩ ካዝናውን የሚከፍቱት በጎሪጥ እየተጠባበቁ ነበር። ታዲያ ያ ባለ ባርኔጣው ሌባ ምን አደረገ? አስታረቃቸው። አብረው ምሳ በሉ፣ ተሳሳቁ፣ ሲውል ሲያድር ሁለቱ ቁልፋቸውን ለሦስተኛው አደራ ሰጡ። ከዚያ በኋላ ለሌባው የቀረው የአንድ ሰው ኪስ ብቻ ነው። አንተ ሌብነት ማለት ይሄ ነው ብለህ ሳቅህ፤ እኔ ሰዎቹ ሲታረቁ አልቅሼ ነበር። አዲሱን የሠሩት ዕርቁን ከነጭራሹ ቆርጠው ጥለውታል። ጊዜ ይፈጃል ብለው ይሆናል።

የፊልም ወሬ አምሮኝ አይደለም ይህን ማውራቴ። ከመስቀል በኋላ አንድ ሰው ከትክል ድንጋይ ከተማ ማዶ ወላጆቻችን ቤት መጣ። ስሜ ፍቅርተማርያም ነው፣ ጁባ ከዳኛው ጋር ነበርሁ፣ አባቱን ከአቶ ክንዱ ጋር አስታርቅልኝ ብሎ የላከኝ እሱ ነው አለ። የባሕር ዛፉን ድንበር ጠብ ታውቀዋለህ፤ አባታችንና አቶ ክንዱ ቤተ ክርስቲያን እንኳ በተለያየ በር ነበር የሚገቡት። ሰውየው አንደበቱ ሰው ይይዛል። አንዱን ጠዋት፣ ሌላውን ከሰዓት በኋላ እያነጋገረ፣ ሽማግሌ እየላከ አለሳለሳቸው። በመጨረሻ አቶ ክንዱ ድንጋይ ተሸክመው አባታችን እግር ላይ ወደቁ። እናታችን እልል አለች። እኔም በስልክ ስሰማ ደስታዬን አልችለው ብዬ ነበር።

የማርያም ዕቃ ቤትም በሦስት ቁልፍ እንደሚከፈት አትረሳም። አንዱ በገበዙ በአባታችን፣ አንዱ በዕቃ ቤት ጠባቂው በአያ ካሴ፣ አንዱ በሰበካው ሊቀመንበር በአቶ ክንዱ እጅ ነበር። ዕርቁ እንደወረደ ፍቅርተማርያም አንድ ሐሳብ አመጣ። አሁንማ ተማምናችኋል፣ አያ ካሴም እግራቸውን ያማቸዋል፣ ምነው ሁሉንም ገበዙ ቄስ አለበል ቢይዟቸው አለ። ሁለቱም ደስ እያላቸው አስረከቡ። ሰውየው ለኅዳር ጽዮን ማኪና ይዤ እመጣለሁ፣ የብር መስቀሉንና ዘውዱን ፎቶ አንስቼ አስመዘግብላችኋለሁ ብሎ ሄደ። ሦስቱም ቁልፎች አሁን በአባታችን ቀሚስ ኪስ ውስጥ ናቸው።

ይህን እንደሰማሁ ሱቄን ዘጋሁ። በማግሥቱ ሄጄ ያንን አሮጌ ፊልም ለአባታችን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረክሁለት። ቪዲዮ ቤትን የሰይጣን ጓዳ የሚለው ሰው ጠጋ ብሎ አደመጠኝ። ስጨርስ፣ ሰዎቹ ከተዘረፉ በኋላ ዕርቃቸው ቆየ ወይስ ፈረሰ ብሎ ጠየቀኝ። አሰብሁት። ፊልሙ ሌባውን ተከትሎ ይሄዳል እንጂ ወደ ሦስቱ ሰዎች አይመለስም። አላውቅም አልሁት። ምነው ልጄ፣ ዋናውን ነገር ሳያሳዩሽ ነዋ የሸኙሽ አለኝ።

ቢያንስ አንዱን ቁልፍ መልስ ብዬ ለመንሁት። ብመልስ ክንዱ ጠረጠረኝ ይላል፣ ደግሞም ልጄ በላከው ሰው ላይ ክፉ አላስብም አለ። ወንድምዓለም፣ ተቀያይማችሁ ከሄድህ ጀምሮ ስምህን በአፉ አንሥቶ አያውቅም ነበር። አሁን ሲጸልይ ከሁላችን አስቀድሞ የሚጠራው አንተን ነው። ጆሮዬ ሰምቷል። ከዚያ በላይ ልጫነው አቅም አጣሁ።

አያ ካሴን ለብቻቸው አነጋገርኋቸው። ሥራ ፈትቼ ሰለቸኝ ብዬ ቁልፌን መጠየቅ አያቅተኝም፣ ግን በግምት የአለበልን ልብ አልሰብርም፣ ከዳኛው ቃል አምጪልኝ አሉ። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ አንተ ላይ ወድቋል። ይህን ሰው ታውቀዋለህ? አንተ ነህ የላክኸው? እንዳነበብህ ስልክ ወደሚገባበት ወጥተህ ከበዓሉ በፊት መጀመሪያ ለእኔ ብቻ ደውልልኝ። ታውቀው እንደሆነ ክፉ ያሰብሁ እኔ ነኝ፤ ንስሐ እገባለሁ። አላውቀውም ካልኸኝ አያ ካሴ ቁልፋቸውን ይቀበላሉ፤ ሰውየው በሩ እንደማይከፈትለት ሲያይ በመጣበት ይመለሳል። ለአባታችን ግን፣ ሰውየው ማንም ይሁን ማን፣ ዕርቁን ያሰብሁት እኔ ነኝ በለው። ካልላክኸው ውሸት መሆኑን አውቃለሁ። ስምህ ከጸሎቱ እንዳይወጣ ፈርቼ ነው የምለምንህ።

እናታችን አዝመራ ጉንጭህን ስማለች፤ ብርድ ልብስህን አትጣል ብላለች፣ ጁባ ብርድ እንደሌለ ብነግራትም አልሰማችኝም። ታናሻችን ወንጌላዊት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች፤ ስልክ ግዛልኝ በይው ብላለች። አያ ካሴ እጅ ነሥተዋል። አባታችን ልጽፍልህ መሆኔን ሲሰማ ደስ ብሎት እንዲህ በይልኝ አለ፦ የላክኸው ሰው በደህና ደርሶልኛል፤ አሁን ደግሞ አንተ ራስህ ና።

እህትህ ዓይናዲስ አለበል
ጎንደር፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.